ባዶ እጅሽን ነይ

ሌላው ሰው ሠርግ ይደግሳል፤ እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ጉዞ ስደግስ ኖርኩ። ከኦክላንድ ተነስቼ፣ ፊጂ ላይ አድሬ፣ በአገሬ በኪሪባስ ዋና ከተማ በታራዋ ወርጄ፣ ከዚያ በትንሿ አውሮፕላን ወደ ደሴቴ ወደ አቤማማ የምገባበትን ጉዞ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ፣ እሰርዛለሁ። አብራኝ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ቲራ፣ «ሮቲታ፣ መጽሐፍ ቅዱስሽን እንዲህ ብታነቢ ኖሮ ይኼኔ ቄስ ሆነሻል» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

የኒውዚላንድ ሰው ወደ ኪሪባስ ሲሄድ ወጪውን በሦስት መስመር ይጨርሳል፦ ቲኬት፣ አልጋ፣ ምግብ። ለእኛ ለተወላጆቹ ግን ቲኬቱ ትንሹ ነው። ለመንደሩ ሽማግሌዎች እጅ መንሻ የሚሆን ትምባሆ ያስፈልጋል። አገሩ ሁሉ በሚሰበሰብበት ትልቅ አዳራሽ፣ በማኔያባው ውስጥ፣ ለሚደረገው ግብዣ ሩዝ በጆንያ፣ የታሸገ ሥጋ በካርቶን ያስፈልጋል። ለአክስቶች ጨርቅ፣ ለአጎቶች የዓሣ መረብ፣ ለቤተ ክርስቲያን ስጦታ፣ ታራዋ ላይ ለሚያሳድሩኝ ዘመዶች የሳምንት ቀለብ። ትንሿ አውሮፕላን ከአሥራ አምስት ኪሎ በላይ ስለማትጭን ለዕቃው የመርከብ ኪራይ። አውሮፕላን ተበላሸ ተብሎ ለሚጠበቅበት ሳምንት ደግሞ መጠባበቂያ። ደሴቲቱ ላይ ባንክ ስለሌለ ይህ ሁሉ በጥሬው፣ በአውስትራሊያ ዶላር ተቆጥሮ ቦርሳ ውስጥ መግባት አለበት። ደብተሬ ላይ ቲኬቱ አንድ እጅ ከሆነ ሌላው ሦስት እጅ ነበር። ባዶ እጁን ከውጭ ወደ አቤማማ የተመለሰ ሰው አላየሁም፣ አልሰማሁም። እንዲያ ከመመለስ እዚያው መቅረት ይሻላል ይባላል።

እኔ ደግሞ መቅረት አልቻልኩም። ካሮቱ ነበራ።

ያየሁት ቀን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በእኛ አገር ወንዶቹ ጠዋትና አመሻሽ ላይ የኮኮናት ዛፍ አናት ላይ ወጥተው ያልፈነዳውን አበባ እየቆረጡ ጣፋጩን ፈሳሽ፣ ካሬዌን፣ ያወርዳሉ። ላይ ሆነው ይዘፍናሉ። ከታች ያለች ሴት ወንድ መኖሩን አውቃ እንድትጠነቀቅ ነው ይባላል፤ እኔ ግን እንድትሰማቸው ይመስለኛል። ጉድጓዱ አጠገብ ልብስ ሳጥብ አንዱ ዘፈኑን መሃል ላይ ቁርጥ አደረገው። ቀና ስል ቁልቁል እያየኝ ነው። ጠይም ፊቱ ላይ ላብ፣ እጁ ላይ ቢላዋ።

«ምነው፣ ግጥሙ ጠፋህ?» አልኩት።

«አልጠፋኝም» አለኝ። «ሰው ገባበት።»

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ልብሴ ቆሸሸም አልቆሸሸም ጉድጓዱ ዘንድ አልጠፋም ነበር። ሳሙናው ሲያልቅ እናቴ ምን እየሆንኩ እንደሆነ ገባት። አባቴ ባውሮ ግን የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበር፤ ለልጁ ያሰበው ባል ወንበርና ጠረጴዛ ያለው እንጂ ዛፍ ላይ የሚውል አልነበረም። ካሮቱ ከአባቱ የወረሰው ሁለት ረድፍ ኮኮናትና አንዲት ታንኳ ነው። አባቴ ፊት ለፊት ሰድቦት አያውቅም። ሰላምታውን በጨዋ ደንብ ይመልስና ሳያየው ያልፋል። ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር።

ኒውዚላንድ በየዓመቱ ከአገራችን ሰባ አምስት ሰው በዕጣ ትወስዳለች። አባቴ ስሜን አስገባ፤ ዕጣውም ወጣልኝ። ቤታችን የሠርግ ቤት መሰለ። እኔም ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ወጣት ነበርኩ፣ ዓለም ደግሞ ሰፊ ናት። የሄድኩ ዕለት ካሮቱ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ከአውሮፕላን ሜዳው አጥር አጠገብ ቆሞ ነበር። ሰው አልፌ ሄጄ፣ «ሁለት ዓመት ብቻ ጠብቀኝ፤ ቆጥቤ መጥቼ እንጋባለን» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት ይዤ ነው ባሕሩን የተሻገርኩት፤ ስንት ጊዜ ሥራ ላይ እጄ እየሠራ ዓይኔ እዚያ አጥር ዘንድ ቀርቷል።

ሥራዬ ከኦክላንድ ወደ ሰሜን ባለች ትንሽ ከተማ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ የሚበቅል ቀይ ቃሪያ መልቀም ነበር። ከጣሪያው ሥር በምትገፋ ጋሪ ላይ ቆሜ ስለቅም እውላለሁ። ደመወዙ መጥፎ አይደለም። በሁለት ዓመት የደብተሬን ድምር ልሞላ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ከአጎቴ መልእክት መጣ።

ቡቡቲ የምንለው ልማድ አለን። ዘመድህ ስምህን ጠርቶ «ይህን ነገር ለምኜሃለሁ» ካለህ ትሰጣለህ። እምቢ ማለት አይቻልም አይደለም፣ ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሰው መባል ይቀራል። ባዳ ቡቡቲ አይልህም። የሚልህ የራሱ አድርጎ የሚቆጥርህ ብቻ ነው። እኔን ያሳደገኝም ይኸው ልማድ ነው፤ ልጅ ሳለሁ እናቴ በስንት ቤት ለምና ደብተርና ጫማ እንደገዛችልኝ አውቃለሁ።

አጎቴ ማዕበል የገነጠለበትን ጣሪያ በቆርቆሮ ለማልበስ ለመነኝ። ሰጠሁ። ደብተሩን ከዜሮ ጀመርኩ። በአራተኛው ዓመት የእህቴ ባል ለጀልባው ሞተር ለመነኝ። ሰጠሁ። በሰባተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሞልቶ ነበር፤ ትምባሆው፣ ሩዙ፣ የመርከቡ ኪራይ ሁሉ። ያኔ አባቴ ደወለ። ደጃችን ያለው ጉድጓድ ጨው ገብቶበታል፣ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ካልተሠራ እናትሽ በዚህ ዕድሜዋ ከሩቅ ውሃ ልትቀዳ ነው አለኝ። እሱ ለምኖኝ አያውቅም ነበር። ድምፁ ሲቀንስ ሰማሁትና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ እሺ አልኩት። በእጄ የቀረው የቲኬቱ ዋጋ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ለካሮቱ አልነገርኩትም። «ገንዘቤን ዘመዶቼ ወሰዱት» ብሎ መጻፍ የራስን ሥጋ ማማት ነው። ስለዚህ ሥራ በዛብኝ፣ ለሚቀጥለው ፋሲካ፣ ለሚቀጥለው ገና እያልኩ ጻፍኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሱም በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ተግቶ ይመልስልኛል። የጻፈው ወር ቆይቶ ይደርሰኛል። ኢዮቤ የተባለው ጎረቤት አሳማው ጠፍቶበት ጸሎት ቤት ውስጥ እንደተገኘ፣ ምሥራቁ ዳር ላይ ሦስት ኮኮናት በማዕበል እንደወደቁ፣ ዓሣ እንደበዛ ይነግረኛል። «ደህና ነኝ። አንቺም ደህና ሁኚ» ብሎ ይፈርማል። ደብዳቤዎቹን በጫማ ካርቶን አስቀምጣቸው ነበር። የሚያስለቅስ ነገር የለባቸውም፤ እኔ ግን አለቅስባቸው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኝ ጀመር። በሰባት ዓመት ውስጥ ካሮቱ አንድም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ቢላዋ አልጠየቀኝም። የዓሣ መንጠቆ አልጠየቀኝም። መጀመሪያ ጨዋነቱን ወደድኩለት፤ ቆይቶ ጨዋነቱ ቆረቆረኝ። አንድ ቀን ለቲራ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«የሚወድሽ ይለምንሻል» አለችኝ። «ያ አጎትሽ እንኳ ቆርቆሮ የለመነሽ የኔ ናት ብሎ ነው። ይኼ ሰውዬ ባዳ ናት ብሎሽ ቢሆንስ?»

«ኩሩ ስለሆነ ነው።»

«ኩሩ ከሆነ ኩራቱን ያግባ።»

ሳቅሁ። ነገሩ ግን ሆዴ ገባና እዚያው ተቀመጠ።

በዚያ ሰሞን ነው ያ ደብዳቤ የመጣው። እንደ ወትሮው ስለ ዓሣ ተጀመረ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ «እናቴ አርጅታለች» ይላል። «በቤቷ ምራት ሳታይ መሞት አትፈልግም። ከማዶው መንደር አንዲት ልጅ ልታጭልኝ አስባለች፤ ጥሩ ልጅ ናት ይላሉ። እስከ ፋሲካ ታገሺኝ ብያታለሁ። ከፋሲካ በኋላ የምነግራት ነገር የለኝም። ደህና ነኝ። አንቺም ደህና ሁኚ።»

ገልብጬ አየሁት። ሌላ ገጽ የለም። ነይ አላለኝም። አትተዪኝ አላለኝም። ወደ ፋሲካ የቀረው ሦስት ወር ተኩል ነው። በሦስት ወር ተኩል ደግሞ ያን ሁሉ ጆንያና ካርቶን ቃሪያ ለቅሜ ልሞላ አልችልም፤ ሦስት ጊዜ ደምሬ አየሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ አልበቃም።

ተናደድኩ። በእሱ ይሁን በራሴ ዛሬም አላውቅም። እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት። «ካሮቱ፣ ሰባት ዓመት አንድ መንጠቆ እንኳ አልጠየቅኸኝም። የአገር ሰው ሁሉ ስሜን ጠርቶ ሲለምነኝ ያንተ ድምፅ ብቻ ጠፋ። ሰው የራሱን ሰው ይለምናል። አንተ ግን እንደ ባዳ ስታየኝ ኖርክ። ያጩልህን ልጅ አግባ፤ ከእሷ ጋር መንጠቆህን ተዋዋስ።» ይህን የመጨረሻውን ስጽፍ እንባዬ ወረቀቱ ላይ ወደቀ፤ ልለውጠው ብዬ እልህ ያዘኝና እንዳለ ላክሁት።

ከላክሁት በኋላ ያለውን ጊዜ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ከአፍ የወጣ ነገር አይመለስም፤ በፖስታ የሄደው ደግሞ በመንገድ ላይ እንዳለ ይታወቃል። ዛሬ ፊጂ ደርሷል፣ ዛሬ ታራዋ ነው፣ ዛሬ ከፍቶት ይሆናል እያልኩ ከስቼ አለቅሁ። ሰባት ሳምንት ምንም አልመጣም። ቲራ የሽንኩርቷን ወሬ ረስታ፣ ፖስታ ቤቱ ነው፣ አውሮፕላኑ ነው ትለኛለች። እኔ ግን ተስፋ ቆርጦብኛል አልኩ። ከዓይን የራቀ ከልብም ይርቃል ሲሉ ሰምቼ ስቄ አውቅ ነበር፤ ያኔ አልሳቅሁም።

አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ስልክ ጮኸ። ከሩቅ የሚመጣ የባሕር ድምፅ የመሰለ ነገር ይሰማል። አቤማማ ላይ ያኔ በመንግሥት ጣቢያው ቢሮ ውስጥ ካለችው አንድ ስልክ ሌላ አልነበረም። ሰው ተሰልፎ ነው የሚደውለው።

«ሮቲታ» አለኝ።

ድምፁን ሰባት ዓመት አልሰማሁትም። ጎልምሷል። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ደብዳቤሽ ደርሶኛል» አለ። «መልስ ያልጻፍኩልሽ ወር ስለሚፈጅ ነው። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይሆንም። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ከኋላዬ አሥራ አንድ ሰው አለ። ሁሉም ይሰማኛል። ሆን ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ምን ልትል?»

«መጀመሪያ እውነቱን ልንገርሽ። ዛፍ አናት ላይ ስሆን የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ይሰማኛል። አጎትሽ ቆርቆሮውን የለመነሽ ቀን ሰምቻለሁ። ሞተሩንም። አባትሽ ማጠራቀሚያውን ሲያስቆፍር ድንጋይ ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ በምን ገንዘብ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አውቅ ነበራ። ለዚህ ሁሉ አፍ አንድ ሌላ አፍ ልጨምርብሽ? ለዚያ ነው ያልለመንኩሽ። ባዳ ስለሆንሽ አይደለም።»

አፌን በእጄ ያዝኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ሥራ በዛብኝ እያልኩ ስዋሸው፣ እሱ እያወቀ ስለ አሳማ ይጽፍልኝ ነበር።

«አንቺ ግን ሰው የራሱን ሰው ይለምናል አልሽኝ» ቀጠለ። «እውነትሽን ነው። ስለዚህ ዛሬ እለምንሻለሁ። ሮቲታ የባውሮ ልጅ፣ ቡቡቲ ብዬሻለሁ። ሰው ይስማ።»

ከጀርባው የነበረው ጫጫታ ጸጥ ሲል በስልኩ ተሰማኝ።

«ያለሽን ገንዘብ ቲኬት ቁረጪበት። ከዚያ ባዶ እጅሽን ነይ። አንድ ጥቅል ትምባሆ፣ አንድ ኪሎ ሩዝ እንዳትይዢ። እጅሽን ባዶ አድርገሽ ነይልኝ። የምለምንሽ እሱን ነው።»

ከዚህ የከበደ ነገር ማንም ለምኖኝ አያውቅም። ቆርቆሮ ሰጥቼ ነበር፣ ሞተር ሰጥቼ ነበር። ይህ ግን ክብርሽን ስጪኝ ማለት ነው።

«ካሮቱ፣ ምን እያልክ እንደሆነ ታውቃለህ? ይስቁብኛል። አባቴ ማኔያባው ውስጥ አንገቱን አቀርቅሮ ነው የሚቀረው።»

«አውቃለሁ።»

«ሰባት ዓመት ቆይታ ምን ይዛ መጣች ሲሉ ምን ልበል?»

«አንቺ ምንም አትይም። የለመነ ነው የሚመልሰው።»

በቲኬቱ ገንዘብ ቲኬት መግዛት እንደሚቻል አጥቼው አልነበረም። ደብተሬ ላይ ሁሌ የመጀመሪያው መስመር እሱ ነው፤ ሁሌም የሚሞላው እሱ ነው። የሚቀረውን መስመር የሚሰርዝልኝ ሰው ነበር የጠፋው። በእኛ ልማድ ደግሞ ቡቡቲ ለተባለ ሰው መልሱ አንድ ነው።

«እሺ» አልኩት።

ወዲያ ማዶ አንዲት ሴት ስታለቅስ ሰማሁ። ማን እንደሆነች ዛሬም አላውቅም፤ ስልክ ልትደውል የተሰለፈች ሰው ናት። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ሰው ቃል መስጠት ይቀለዋል። ቲራ ሻንጣዬ ውስጥ የታሸገ ሥጋ ደብቃ አገኘሁና አውጥቼ መደርደሪያው ላይ መለስኩት። «አንዲት ጣሳ ምን አላት?» ብላ ተቆጣች። አንዲት ጣሳ ካለች እጄ ባዶ አይደለም፤ የሰጠሁት ግማሹን ነው ማለት ነው አልኳት። ፊጂ ላይ፣ በናንዲ አውሮፕላን ማረፊያ ሱቅ ውስጥ ግን እኔ ራሴ ተፈተንኩ። ሽማግሌዎቻችን የሚወዱት ጥቁር ትምባሆ ተደርድሯል። መጠባበቂያ ብዬ የያዝኩት ትንሽ ገንዘብ ነበረኝ። አንዱን አነሳሁት፣ አሸተትኩት፣ አባቴ ታየኝ። ሻጯ «ልጠቅልልሽ?» ስትለኝ አስቀምጬው ወጣሁ።

ታራዋ ላይ አክስቴ አቅፋ ሳመችኝና በትከሻዬ ላይ አሻግራ ዕቃዬን ፈለገች። በማግስቱ ለትንሿ አውሮፕላን ሲመዝኑን፣ ሚዛን ላይ ያለው ሰውዬ ቦርሳዬን አንስቶ ጓዜ የት እንዳለ ጠየቀኝ። ይኸው ነው አልኩት። «ከኒውዚላንድ ነው የመጣሽው ወይስ ከገበያ?» አለና ሳቀ። አብሬው ልስቅ ሞከርኩ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ እንዲሉ፣ እኔም የአቤማማ ዛፎች ከመስኮቱ ሥር እስኪታዩኝ ድረስ አላመንኩም፤ ሲታዩኝ ደግሞ አውሮፕላኑ እንዲመለስ ተመኘሁ።

ፋሲካው ሳይገባ ደረስኩ። አባቴ ሜዳው ላይ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ከኋላው ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የጭነት መኪና ቆሟል። ተከራይቶት ነው፤ ዕቃዬን ሊጭንበት።

አባቴ አርጅቷል። አቅፎኝ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ አየ። ቦርሳዬን አወረዱ። በሩ ተዘጋ። «ሌላው በመርከብ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። ቦርሳዬን ራሱ አንስቶ ባዶው የጭነት መኪና ላይ አስቀመጠልኝና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። በዓይኔ ካሮቱን ፈለግሁት። አጥሩ ዘንድ ማንም የለም። መንገድ ዳር ያሉ ልጆችና ሴቶች እጃቸውን እያውለበለቡ ወደ ባዶው መኪና ያያሉ። አልመጣም፣ እንዲህ አዋርዶኝ አልመጣም እያልኩ መንደር ደረስን።

ማኔያባው ሞልቶ ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከአያት ቅድመ አያቱ በወረሰው ቦታ፣ በምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። አባቴ ወደ ቦታችን ሄዶ ተቀመጠ፤ እኔም ከኋላው። ያኔ ነው ካሮቱን ያየሁት። ማዶ፣ ከእናቱ ጀርባ ተቀምጧል። ወፍሯል ትንሽ፤ ጆሮው አጠገብ ሽበት አለ። ዛፍ ላይ ሆኖ እንዳየኝ ቀን አየኝ። ለካስ ያልመጣው ከሁሉ ቀድሞ እዚህ ለመገኘት ነው።

መሃል ላይ የእንግዳ ስጦታ የሚቀመጥበት ምንጣፍ ተዘርግቷል። ሁሉም ይጠብቃል። ደቂቃው ረዘመ። የአባቴ አንገት ቀስ እያለ ሲያጎነብስ ከኋላው ሆኜ አየሁ። ሞቼ ባልመጣሁ አልኩ በሆዴ።

ካሮቱ ተነሳ። ማኔያባ ውስጥ ሽማግሌ እንጂ ጎረምሳ ሳይጠየቅ አይናገርም፤ እናቱ ልብሱን ስትጎትተው አየሁ። መሃል ድረስ መጥቶ ባዶው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ፣ ስጦታ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ።

«አባቶቼ፣ ሳልጠየቅ በመናገሬ ቅጡኝ» አለ። «የባውሮ ልጅ ባዶ እጇን የመጣችው አጥታ አይደለም፣ ንቃችሁም አይደለም። እኔ ለምኛት ነው። ቡቡቲ ብዬ፣ በሰው ፊት። እምቢ ማለት አልቻለችም። ነውሩ ካለ የኔ ነው። ለእያንዳንዳችሁ የሚገባውን እኔ በታንኳዬና በዛፌ እከፍላለሁ፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፍጅ።»

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሊቆጣ መስሎኝ ነበር። ያጎነበሰው አባቴ ግን ቀደመው። ተነሳ። ርዕሰ መምህር ሳለ ክፍል የሚያስጨንቅ ድምፅ ነበረው፤ ያ ድምፅ አልነበረም የወጣው።

«ይህ ልጅ ምንም አይከፍልም» አለ። «ወንድሜ ቆርቆሮ ለመናት። አማቼ ሞተር ለመናት። እኔ አባቷ፣ ወደ ቤቷ መምጫዋን ለምኜ ውሃ ጠጣሁበት። ሰባት ዓመት ሁላችንም ያላትን ስንለምናት እሷን የለመናት አንድ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሰላም እያልኩ ሳላየው ሳልፍ ኖርኩ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እጁን ዘረጋ። ይዞኝ ሲሄድ የሰባት ዓመት ልጅ የሆንኩ መሰለኝ። መሃል ላይ ስንደርስ ካሮቱ ጎን፣ እዚያው ምንጣፍ ላይ አስቀመጠኝና ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁለታችንም ወለሉን እያየን ተቀመጥን። ካሮቱ ቀስ ብሎ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ «አሁን አንቺ ለምኚኝ» አለኝ።

እጄን ሰጠሁት፤ ባዶ ነበር፣ ያዘው።